«ልመና ነው አይደል?» ላልሽኝ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018

ሰላም እህት ዓለም፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? እናትሽን መስቀል ሰሞን ሠፈር አግኝቻቸው «ደህና ነች፣ ብርዱ ነው እንጂ» ብለውኛል። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን እንተወው። እኔም ሩጫ ላይ ነበርኩ፣ አንቺም ሁለት ሥራ ይዘሽ እንቅልፍ እንዳጣሽ ሰምቻለሁ።

በመጨረሻው መልእክትሽ «ቆይ ግን ሥራሽ ምንድነው? ልመና ነው አይደል?» ብለሽ ሳቅ አስከትለሽበት ነበር። እኔም ስቄ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ግን ታክሲ ውስጥ ሆኜም፣ ስብሰባ ላይ ሆኜም በልቤ ስመልስልሽ ነው የከረምኩት። ዛሬ ልጻፍልሽ። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

በወረቀት ላይ «የሀብት ማሰባሰብና የአጋርነት ኃላፊ» ነኝ። ድርጅቱ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ይሟገታል። ዊልቸር አያድልም፣ ቀለብ አይሰፍርም። ሕንፃ ሲሠራ በዊልቸር የሚገባበት መንገድ ይኑረው፣ ፈተና በብሬልም ይዘጋጅ፣ ፍርድ ቤት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያቅርብ ብሎ ይከራከራል። ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። በ2002 ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። እስቲ ቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ሕንፃዎች አስቢያቸው። ደረጃ ሳትወጪ የምትገቢበት ስንቱ ነው?

የምር ላውራሽ። እዚህ አገር ለሚታይ ነገር ገንዘብ መሰብሰብ ያን ያህል አይከብድም። «ሐበሻ አይሰጥም» የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። ለግድቡ ቦንድ ያልገዛ ወይ በ8100 ያላዋጣ ቤተሰብ ታውቂያለሽ? አንቺ ራስሽ በ2010 ክረምት ውጭ ያለው ሁሉ ለአገሩ «በቀን አንድ ዶላር» ያዋጣ ሲባል ገና ከጅምሩ ነው የገባሽው። ለመቄዶንያ በዩቲዩብ በቀጥታ ሲሰበሰብ ሰው ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ስልኩን ከፍቶ ይከታተል ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ለመስጊድ ግንባታ፣ ለጎረቤት ሕክምና እጁን የማይዘረጋ የለም። ሰጪው ግን የሰጠበትን ነገር በዓይኑ ያያል። እኔ የማሳየው ምን አለኝ? አንድ መመሪያ ውስጥ የምትገባ አንዲት አንቀጽ። እሷም የምትገባው ከዓመታት ምልልስ በኋላ ነው፤ ያውም ከገባች።

አንድ መርካቶ የከበረ ነጋዴ አለ። ቢሮው የራሱ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገና ሳልቀመጥ ካልኩሌተሩን ሳብ አድርጎ «ስንት ዊልቸር ይበቃችኋል?» አለኝ።

«ጋሼ፣ እኛ ዊልቸር አናድልም» አልኩት።

«ታዲያ ምንድነው የምትሠሩት?»

ስለ ሕጉ ነገርኩት፣ ስለ ክርክሩ ነገርኩት። ይሰማኛል፣ ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ነው። ነገሩ እንደማይሆን ሳውቅ «እሺ ጋሼ፣ ዊልቸሩን ሰጡት እንበል። ሰውየው እዚህ ሕንፃ ለመግባት ቢፈልግ በየት በኩል ይገባል?» አልኩት። መግቢያው ላይ አምስት የእብነ በረድ ደረጃ አለ፣ ፊት የሚያሳይ። ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። «አንቺ ልጅ ጠበቃ ነሽ እንዴ?»

ፊልም ቢሆን በማግስቱ ግንበኛ ይጠራ ነበር። አልጠራም። ዊልቸሮቹን ገዝቶ ለሌላ ድርጅት ሰጠ፣ ፎቶም ተነሣ። ከወራት በኋላ ግን ራሱ ደወለልኝና «ያ የጠበቃ ነገር በዓመት ስንት ያስወጣል?» አለኝ። ዛሬ ክልል ወርደው የሚከራከሩ ጠበቆቻችንን ትራንስፖርትና አበል የሚሸፍነው እሱ ነው። ደረጃው እንዳለ አለ። በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ፣ እሱም እንዳየሁት ያያል። አንድ ቀን ይሆናል ብዬ ነገሩን አላነሣበትም። ደግሞ ደረሰኙን ስሰጠው ፊቱ እንዴት እንደሚበራ! በገቢ ግብር አዋጁ ለበጎ አድራጎት የሰጠውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ ተቀናሽ ማድረግ እንደሚችል የነገርኩት እኔ ነኝ። ብዙ ነጋዴ ይህን አያውቅም። ሒሳብ ሠራተኞቻቸውም አይነግሯቸውም።

በ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ አዋጅ 621፣ የወጣ ጊዜ አብረን ነበርን፣ ትዝ ይልሻል። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት፣ በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ኢሰመጉ የባንክ ሒሳቡ ታግዶ ከ12 ቢሮዎቹ 9ኙን ዘጋ። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አብዛኞቹን ሠራተኞቹን በተነ። ሌላው መብቱን ትቶ የውኃ ጉድጓድ ወደ መቆፈር ዞረ። ጉድጓዱን እየናቅኩ አይደለም፣ ግን የጠበቃን ቦታ አይተካም። ከዚያ በኋላ የመጣው 70/30፣ ማለትም ከወጪያችሁ 70 በመቶው ለዋናው ሥራ ይዋል፣ ለአስተዳደር ከ30 በመቶ አይለፍ የሚለው መመሪያ፣ ደግሞ ነገሩን አጠበቀው። የትራንስፖርቱም የአበሉም ወጪ ወደ «አስተዳደር» ይገፋል። የእኛ ሥራ እኮ ያው ሰው ልኮ ማከራከር ነው!

በ2011 ያንን የሚተካው አዋጅ 1113 ሲመጣ የውጭ ገንዘብ ተፈቀደ፣ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያውም 20 በመቶ ሆኖ ትርጉሙ ተስተካከለ። ሁሉም ተንፍሶ በአንዴ ወደ ፈረንጅ ዞረ። የሚገርመኝ ይሄ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ከአገር ውስጥ ካልሆነ አትኖሩም ተብለን፣ በሩ ሲከፈት ከአገር ውስጥ የመሰብሰቡን ነገር ርግፍ አድርገን ተውነው። ያኔ ማን ጊዜ ነበረው? ኮንሴፕት ኖት (የፕሮጀክቱ አጭር ሐሳብ) ይጻፋል፣ ሎግፍሬም (የዓላማና የውጤት ሠንጠረዥ) ይሞላል፣ ገንዘቡ ይመጣል።

ከዚያማ ተከታተለብን። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዘመዶቼ «እናንተማ በዩሮ ነው የምትቀበሉት፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉኝ። አንዱ ገንዘብ ሰጪያችን ግን ወዲያው ጻፈልን። በምንዛሬው ምክንያት የተረፈው ብር በጀት አልተያዘለትም፣ አዲስ በጀት ሳይጸድቅ እንዳትነኩት። እስኪጸድቅ የአዳራሽ ኪራዩም፣ ነዳጁም፣ የሠራተኛው የቤት ኪራይም ጨምሮ ቁጭ አለ። ብሩ ባንክ ውስጥ ተኝቶ እኛ ለስብሰባ ውኃ ከየት እንግዛ ስንል ከረምን።

በጥር 2017፣ ለአንቺ ጃንዋሪ 2025፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በተሾሙበት ቀን የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ይቁም አሉ። በመጋቢት የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የዩኤስኤአይዲ 83 በመቶው ፕሮግራም እንደተሰረዘ ተነገረ፣ በሰኔ መጨረሻ ድርጅቱ ራሱ ሥራ አቆመ። እንግሊዝም ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ የነበረውን እርዳታ በፈረንጆቹ 2027 ወደ 0.3 እንደምታወርድ አሳወቀች። እኛ በቀጥታ የአሜሪካ ገንዘብ አልነበረንም። ግን ከአሜሪካ የተቆረጠበት ሁሉ የቀረውን የአውሮፓ በር ማንኳኳት ጀመረ። ትናንት ወባ ላይ ይሠራ የነበረ ድርጅት በአንድ ሌሊት የመብት ተሟጋች ሆኖ ከጎኔ ይሰለፋል። አልፈርድበትም፣ እሱም ደሞዝ የሚጠብቁ ሠራተኞች አሉት።

ያኔ ነው ቦርዱ «የአገር ውስጡን ነገር እንደገና ሞክሪ» ያለኝ። በየስብሰባው አንድ ሽማግሌ ይነሡና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» ይላሉ፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ተጠጥቶ ይበተናል። ይህን ተረት ስሰማ አሁን አሁን ራሴን ያመኛል። ሎሚውን ማን ይዞ ይመጣል? መቼ? ማንስ ይቆጥረዋል?

መልሱን ያገኘሁት ከአንዲት እናት ነው። ልጃቸው መስማት የተሳነው ነው፣ ከቀጣሪው ጋር የነበረበትን ክርክር እኛ ይዘንለት ነበር። በቴሌብር በየወሩ መቶ መቶ ብር ይልካሉ። አንድ ወር ዘገዩና ደወልኩላቸው፤ ለገንዘቡ ሳይሆን ደህንነታቸውን ለመጠየቅ። ተቆጡኝ! «እስካሁን ዝም ያልሽኝ ለምንድነው? እድር እኮ ሲዘገይ ይቀጣል። ቅጣቴን ጻፊብኝና ከሚቀጥለው ወር ጋር ልክፈል» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እኛ በፖስተርና በፌስቡክ ማስታወቂያ ስንደክም፣ ሕዝቡ ገንዘብ የማዋጣቱን ሥራ ከእኛ በላይ ያውቅበታል። እድር ቀን አለው፣ መዝገብ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ሒሳቡም ጉባኤ ፊት በድምፅ ይነበባል። እኛም እንደዚያ አደረግነው። ወር በገባ በሁለተኛው ቀን ማስታወሻ ይሄዳል። በየሦስት ወሩ አዋጪዎቹን ጠርተን የገባውንና የወጣውን እናነባለን፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቆሞ። የተሸነፍነውንም ክርክር እናነባለን። ቅጣቱን ብቻ ቦርዱ አልተቀበለም። እማማ አሁንም ቅር ብሏቸዋል።

ገንዘቡ ብዙ አይደለም፣ ከጠቅላላ በጀታችን ጥቂቷ ናት። ግን እንደ ልብ የምታዝዣት እሷን ነው። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ የውጭ ገንዘብ ሰጪ ውሳኔ ስድስት ወር ይፈጃል። ባለፈው ዓመት አንድ ክርክር በታች ፍርድ ቤት ተሸንፈን የዳኝነት ክፍያውን ከዚያች መዋጮ ባንከፍል ኖሮ ጊዜው አልፎብን ነበር። መዝገቡ አሁን ቀጠሮ ላይ ነው።

የውጭዎቹንም አልተውኳቸውም፣ መተውም አይቻልም። እዚያ በኩል ሥራው ሌላ ዓይነት ነው፣ ሰው መያዝ ነው። ገንዘቡ የገባ ቀን አመሰግናለሁ፣ ሳምንት አላሳድርም። መጥፎ ወሬ ካለ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ቀድሜ እደውላለሁ። ፎቶ ሲጠይቁኝ የሚያሳዝን ፊት አልልክም፤ በዚህ ከአንድ ሁለቱ ጋር ተኳርፈናል። የእኛ ሰው ለሙግት የቆመ ነው፣ እንባውን እያሳየሁ ገንዘብ አላመጣበትም። ለልመና ጥያቄሽ መልስ ከፈለግሽ ያው ይሄ ነው።

ስለ ሪፖርት አላወራሽም፣ ያመኛል። አንዷን ብቻ ልንገርሽ። ኦዲተር መጥቶ ጠበቃችን ወረዳ ፍርድ ቤት የሄደበትን የባጃጅ ደረሰኝ አምጡ አለ። የባጃጅ ደረሰኝ! ሾፌሩ ስሙን ራሱ ሊነግረን አልፈለገም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ገንዘብ አልጠይቅሽም፣ አትደንግጪ። ሁለት ነገር አጣሪልኝ። ሜሪላንድ ያለው ማኅበራችሁ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ፣ ማለትም ለእሱ የተሰጠ ገንዘብ ከሰጪው ታክስ የሚታሰብለት በጎ አድራጎት፣ ነው ብለሽኝ ነበር። ለእኛ የሚሰጥ ሰው በማኅበሩ በኩል ቢሰጥ፣ ቦርዱ ሥራችንን መርምሮ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሊያስተላልፍልን ይችላል ወይ? ሰጪው በቀጥታ ለእኛ ከላከ ከታክሱ አይቀነስለትም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው «እሺ» ብሎ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ያ የምትሠሪበት ሆስፒታል ሠራተኛው የሰጠውን ያህል ራሱም ይጨምር እንደሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂልኝ። ብዙ ቀጣሪዎች ያደርጉታል፣ ሠራተኛው ግን ቅጹን አይሞላም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ወረቀት ከፈለገ የምዝገባ ምስክር ወረቀታችንም የኦዲት ሪፖርታችንም ዝግጁ ነው፣ በኢሜይል እልካለሁ። ቅዳሜ ማታ ቤት ነኝ፣ ለአንቺ ጠዋት ይሆናል። ደውይልኝ፣ ልጆቹንም አቅርቢያቸው። ታናሽየው አማርኛ እየለመደ ነው ብለውኛል እናትሽ።

እህትሽ