ለሰፎክ ባሕር ዳር የብስክሌት መንገድ የአማርኛ ካርታ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

እኛ በለንደንና በዙሪያዋ የምንኖር፣ የዕረፍት ቀናችንን በብስክሌት የምናሳልፍ ኢትዮጵያውያን፣ በምሥራቅ እንግሊዝ ከስኔፕ ተነሥቶ በሌስተንና በደኒች በኩል ወደ ብራምፊልድ ለሚዘልቀው ቁጥር 42 የብስክሌት መንገድ የአማርኛ የኪስ ካርታ ለማሳተም ስለተነሣን፣ የአቅማችሁን እንድታዋጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

መንገዱ የሚያልፍበት ምድር አሸዋማ፣ ለእርሻ የማይመች፣ ቁጥቋጦ የለበሰ ሜዳ ሲሆን፣ በነሐሴ ወር ዓይን እስኪታክት ድረስ ሐምራዊ አበባ ይለብሳል። አበባው በሰሜን ተራሮች የምናውቀው የአስታ ዘመድ ነው፤ ደባርቅ ያደጉ አንድ አባላችን ቅርንጫፉን በጣታቸው አሻሽተው “ይሄማ አስታ ነው፣ ቁመት ነው የከለከሉት” ያሉትን እስከ ዛሬ እናነሣዋለን። ደኒች በመካከለኛው ዘመን ስመ ጥር ወደብ ነበረች። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን የተነሡ ማዕበሎች አብዛኛውን ክፍሏን ስለወሰዱት ዛሬ ትንሽ መንደር ናት፤ ከገደሉ አፋፍ የነበረው የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያንም ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተናደ ባሕር ገብቷል።

ካርታው ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። በእንግሊዝ የብስክሌት ምልክቶች ላይ የሀገር አቀፍ መንገድ ቁጥር በቀይ መደብ፣ የክልላዊው ደግሞ በሰማያዊ መደብ ይጻፋል፤ ይህን የነገረን ሰው ግን አልነበረም። አንድ ጊዜም የአጥር ቅጠል ምልክቱን ሸፍኖት መታጠፊያውን አልፈን ሄድን፤ ጎማችን እስከ ቸርኬው አሸዋ ውስጥ ስለገባ፣ ልጆች ይዘን ብስክሌቶቹን ስንገፋ አመሸን። በሜዳው ላይ ጎጆአቸውን መሬት ላይ የሚሠሩ ወፎች ስላሉ፣ ከመንገድ መውጣት ለእኛ ድካም፣ ለእነሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ ካርታው መታጠፊያዎቹን፣ አሸዋ የሚበዛባቸውን ቦታዎች፣ ውኃ የሚገኝበትንና ከብስክሌት መውረድ የሚገባበትን ለይቶ ያሳያል።

የሚሰበሰበው ገንዘብ ዝናብ በማያበላሸው ወረቀት ለማሳተም ብቻ ይውላል፤ ከተረፈ ብስክሌት ለሌላቸው ልጆች ያገለገሉ ብስክሌቶችን እናስጠግናለን። ካርታው የሚታደለው በነጻ ነው። መዋጮው በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ለገንዘብ ያዣችን በደረሰኝ ይሰጣል፤ አምስት ፓውንድም አታንስም። ገንዘብ የማይመቸው ረቂቁን በማረም ወይም መንገዱን አብሮን ነድቶ መታጠፊያዎቹን በማጣራት ሊያግዘን ይችላል።