«ቫይረስ ያው ቫይረስ ነው» ተብዬ ስለተመለስኩበት ምርመራ የቀረበ ቅሬታ

ለዕፅዋት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪው የደንበኞች አገልግሎት

ጤና ይስጥልኝ። ቫይረስ እንዳለበት እንድትመረምሩልኝ የሰጠኋችሁ የዳሊያ አበባ ናሙናዬ ቁጥርም ሆነ የተጻጻፍናቸው ኢሜይሎች እጃችሁ ላይ ስላሉ ነገሩን ከመጀመሪያው አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የትናንቱ የስልክ ንግግር ነው።

ናሙናውን ስትረከቡ የገባችሁልኝ ቃል ግልጽ ነበር። «የቫይረሱን ዘረመል እናነባለን፤ ቤተሰቡንና ዝርያውን ለይተን ከሙሉ የሲኩዌንስ ፋይሉ ጋር እንልክልዎታለን» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። የሲኩዌንስ ፋይል ማለት የዘረመሉ ፊደላት ቅደም ተከተል የተጻፈበት ሰነድ ነው። የደረሰኝ ግን አንድ ገጽ ነው። ገጹ ላይ ያለው ውጤት ደግሞ «ሞዛይክ ቫይረስ፣ ፖዘቲቭ» ይላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ደወልኩ። ሦስት ሰው ጋ ተዘዋወርኩ። በመጨረሻ የተገናኘሁትን ባለሙያ «የትኛው ሞዛይክ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄዬን እንኳን አላስጨረሰኝም። «ቫይረስ ያው ቫይረስ ነው። ተክሉ ከታመመ ነቅለው ይጣሉት። ስሙ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። የሲኩዌንስ ፋይሉን ስጠይቀው «እሱ ለእርስዎ አይገባዎትም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እውነቴን ነው፣ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ስሙ ምን እንደሚያደርግልኝ ልንገራችሁ። ሞዛይክ የምልክት ስም ነው። ቅጠሉ ላይ የሚታየውን ዝንጉርጉር ይናገራል እንጂ ቫይረሱ ከየት ወገን እንደሆነ አይናገርም። የዳሊያ ሞዛይክ ቫይረስም፣ የኪያር ሞዛይክ ቫይረስም ዳሊያን ያጠቃሉ። በዘረመል ግን ፈጽሞ አይዛመዱም። የዳሊያው ካሊሞቪሪዴ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ዘረመሉ 8,000 ገደማ ጥንድ ፊደላት ያሉት ክብ ዲኤንኤ ነው። የኪያሩ ከብሮሞቪሪዴ ቤተሰብ ነው፤ ዘረመሉ አርኤንኤ ሆኖ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። አርኤንኤ ደግሞ ለፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ ለሚለየው ምርመራ) መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ አለበት። ታዲያ የእኔን ናሙና በየትኛው መንገድ መረመራችሁት? ወረቀቱ ላይ የለም።

የኪያሩ ከሆነ ከ1,000 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎችን ይይዛል። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ካንዱ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል። ስለዚህ ከዳሊያው ጎን ያሉትን አበቦች በሙሉ ማስመርመር ይኖርብኛል።

የዳሊያው ከሆነም ሌላ ጣጣ አለው። የዳሊያ ተክል በራሱ ጂኖም (በሙሉ ዘረመሉ) ውስጥ ከዚህ ቫይረስ ጋር የተዛመደ ዘረመል ተሰክቶ እንደሚገኝ የታወቀ ነው። እንዲህ ከሆነ ፒሲአሩ «ፖዘቲቭ» ያለው የሚዛመት ቫይረስ አግኝቶ ነው ወይስ የተክሉን የራሱን ዲኤንኤ? ይህን የሚለየው ሲኩዌንሱ ነው። እኔም የጠየቅኳችሁ እሱን ነው። ባለሙያችሁ «ነቅለው ይጣሉት» ያለኝ ተክል ብዙ ዓመት ስሩን እየከፈልኩ ያባዛሁት እናት ተክል ነው። ልጆቹ በሙሉ የሱን ዕጣ ይጋራሉ። አሁን የታችኛውን ቅጠል ገልብጬ ሳየው ዋናው ጅማት ዳርና ዳሩን ገርጥቷል፣ ጫፉ ተጨማዷል። አዲሱ እንቡጥ ግን ጤነኛ ይመስላል። በአንድ መስመር ውጤት ይህን ሁሉ ንቀሉ ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም።

ካነሳሁ አይቀር፣ የመጀመሪያው ወረቀታችሁ ላይ ናሙናዬ «ጽጌረዳ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። እርማቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀ። «በሦስት ቀን እንመልሳለን» የተባለው ኢሜይልም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የክፍያ ማስታወሻው ግን በማግስቱ ደርሶኛል። ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የሚያስተላልፈውን የቲማቲም ነጠብጣብ ቫይረስ መርምራችሁ እንደሆነም የነገረኝ የለም፣ እሱም ዳሊያን እንደሚይዝ እያወቃችሁ።

በትህትና የምጠይቀው ይህ ነው። የሲኩዌንስ ፋይሉንና የተጠቀማችሁበትን የምርመራ ዘዴ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ላኩልኝ። ዘረመሉን ጨርሶ አላነበባችሁት ከሆነ እሱኑ በግልጽ ጻፉልኝና የከፈልኩትን ሙሉ ገንዘብ መልሱልኝ። ቀሪውን ናሙናም እንዳትጥሉት፤ ሌላ ላቦራቶሪ እወስደዋለሁ። ስልክ የዘጋብኝ ባለሙያ ደግሞ ራሱ ደውሎ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ እፈልጋለሁ። በአምስቱ ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ቃል የገባችሁበትን ጽሑፍ ይዤ ጉዳዩን ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ዳሊያ አብቃይ ደንበኛችሁ