ቅኔ ቤት የዋለ ሰው «ስሜት ጠብቁ» አይልም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ «ግጥም ሲመጣ ይመጣል፣ በግድ አይጻፍም» የሚል አስተያየት አነበብኩ። ጽሑፉ ያምራል። ግን ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ተማሪዎቼም ይህንኑ እያሉ ባዶ ወረቀት ያስረክቡኛል። «ቲቸር፣ ሙዱ አልመጣልኝም» ይሉኛል።

በልጅነቴ ዋድላ ቅኔ ቤት ነበርኩ። እዚያ ሙድ የሚጠይቅህ የለም። ማታ የግእዝ ግስ ይወርዳል፣ አገባቡም ይጠናል። ቀን ተማሪው ደበሎውን ደርቦ ለብቻው ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ያላትን ጉባኤ ቃና የምትባል ቅኔ ይይዛል። ቀጥሎ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ አለ። እያለ እያለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ሰዓቱ ሲደርስ የኔታ ፊት ቀርቦ መንገር ግድ ነው። የትናንቱን መድገም አይቻልም። የሌላ ሰው መንገርማ ነውር ነው። ሰሙ ከወርቁ አልገጥም ካለ የኔታ «ሂድ፣ ቆጥረህ ና» ይላሉ። በቃ፣ ተመልሶ ብርዱ ላይ መቀመጥ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ትዝ ይለኛል። አንዲት ቃል እምቢ ብላው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ዋለ። አመሻሹ ላይ አኮፋዳችንን ይዘን ቁራሽ ልመና ወጣን። አንድ ደጃፍ ላይ ውሻ እየጮኸበት ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመና «አገኘኋት!» አለ። ውሻውን ረስቶታል። እንግዲህ ተመስጦ የሚሉት ይህ ነው፤ መኖሩን አልክድም። ግን ብልጭ ያለችለት ቀኑን ሙሉ ሲፈልጋት ስለዋለ ነው። እኔ ስጫወት ውዬ ነበር፤ ለእኔ ምንም አልመጣልኝም።

በእስልምናውም በኩል ያው ነው። የወሎ መንዙማ ሰውን ያስለቅሳል። መንዙማውን የደረሱት ሸኾች ግን አስቀድመው ደረሳ፣ ማለትም የሃይማኖት ተማሪ፣ ሆነው ነህውና ሰርፍ የሚባለውን የዐረብኛ ሰዋስው ያጠኑ ናቸው። ግጥማቸውንም በዐጀም፣ ማለትም የአገሩን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል፣ ጽፈው አቆይተውልናል።

አንድ ልመና አለኝ። በግጥም ገጻችሁ ላይ ገጣሚው ከፈቀደ፣ ካለቀው ግጥም ጎን የተሰረዘ የተደለዘውን ረቂቅም አትሙልን። ልጆቹ የሚያዩት ያለቀውን ብቻ ነው። የታወቀ ገጣሚ አንዱን ስንኝ ደጋግሞ ሲሰርዝ ይዩ። ገጹን ቆርጬ ክፍል ውስጥ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአማርኛ መምህር፣ ከደሴ