ፎርሙሌሽንን ለናቅሽብኝ ልጄ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው በስልክ ያወራነውን ሳስብበት ሰነበትኩ። በፋርማሲ ድህረ ምረቃ ለመቀጠል መወሰንሽ በጣም ነው ያስደሰተኝ። ግን «እኔ አዲስ መድኃኒት የሚገኝበት ዘርፍ ነው የምፈልገው፣ ፎርሙሌሽንማ ዱቄት ማደባለቅ ነው» ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣም። ፎርሙሌሽን ማለት መድኃኒቱን በሽተኛው በሚወስደው በክኒን፣ በካፕሱል ወይም በሽሮፕ መልክ ማዘጋጀት ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ሙያ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ሰልፋኒላማይድ በዚያን ጊዜ ኢንፌክሽንን የሚያድን ትልቅ መድኃኒት ነበር። ችግሩ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። አንድ ኩባንያ በፈሳሽ መልክ ሊሸጠው ፈለገና በዳይኢትሊን ግላይኮል አሟሟው። ማሟሚያው ጣፋጭ ነው፣ በደንብ ያሟሟል፣ ኩላሊትን ግን ያጠፋል። ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት መርዛማነቱን የፈተሸ አልነበረም፤ ሕጉም አያስገድድም ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከመካከላቸውም ብዙ ልጆች ነበሩ። አየሽ፣ የገደላቸው መድኃኒቱ አይደለም። አንቺ ዱቄት ማደባለቅ ባልሽው ሥራ ላይ ነው ጥፋቱ የተፈጠረው። ያው መርዝ በ2022 ጋምቢያ ውስጥ በልጆች የሳል ሽሮፕ ተገኝቷል። ከ85 ዓመት በኋላ! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የ1937ቱን ጉዳይ ላብራቶሪ ውስጥ ካጣሩት መካከል አንዷ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ የድህረ ምረቃ ተማሪ ነበረች፤ ፍራንሲስ ኬልሲ። እንዳንቺው ተማሪ። በ1960 በአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፣ ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት ማመልከቻም ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። አውሮፓ ውስጥ እርጉዞች ሳይቀሩ ይወስዱት ነበር። ኩባንያው ቢወተውታትም የቀረበው ማስረጃ አይበቃም ብላ ፈቃዱን ያዘችው። በ1961 መጨረሻ መድኃኒቱ ፅንስን እንደሚጎዳ ታወቀ። በሌሎች አገሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት የአካል ጉዳት ይዘው ተወልደዋል። ድህረ ምረቃ ምን ይሰጠኛል ስትይ ለነበረው እኔ የማውቀው ትልቁ መልስ ይሄ ነው፤ «በምን አወቃችሁ?» ብሎ የመጠየቅ ድፍረት፣ መልሱን መመዘን ከሚችል ዕውቀት ጋር።

ሌላም አለ። ሪቶናቪር የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ፣ በ1998፣ ያልታወቀ አዲስ ክሪስታል ሠራ። ሞለኪዩሉ ያው ራሱ ነው፣ የተደረደረበት መንገድ ብቻ ነው የተለወጠው። አዲሱ ክሪስታል ግን እንደ በፊቱ አይሟሟም፣ ካፕሱሉም ከገበያ መውጣት ነበረበት። ችግሩ የተፈታው ፎርሙሌሽኑን እንደገና በመሥራት ነው። ከዚህ በላይ ምን አዲስ ነገር መፈለግ አለ?

በአዲስ መድኃኒት ፍለጋ መመሰጥሽን አልጠላሁትም። የቱ ዩዩን ታሪክ ታውቂዋለሽ፤ አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በማግኘቷ በ2015 ኖቤል የተሸለመችውን። እሷም ብትሆን የተሳካላት መድኃኒቱን ከተክሉ በከፍተኛ ሙቀት ማውጣቱን ትታ በኤተር፣ በዝቅተኛ ሙቀት ስታወጣው ነው። እዚያም ወሳኙ የአሠራሩ ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ከዕፅዋትና ከመሳሰሉት መድኃኒት የሚፈለግበት ፋርማኮግኖሲም ይሁን የመድኃኒት ሞለኪዩል የሚነደፍበት ሜዲሲናል ኬሚስትሪ ከመረጥሽ ምረጪ፣ ሌላውን ግን አትናቂ። ልብሽ ያለው በሽተኛው አጠገብ ከሆነ ደግሞ ክሊኒካል ፋርማሲን በደንብ እዪው፤ ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ ነው የምትውዪው፣ ላብ ውስጥ ከመዋል በጣም ይለያል።

ከዘርፉ በላይ የሚያሳስበኝ አማካሪሽ ነው። ስመ ጥር ፕሮፌሰር ሆኖ ተማሪውን በወር አንዴ እንኳ የማያገኝ አለ። ብዙ ሰው የማያውቀው ሆኖ ፕሮፖዛልሽን መስመር በመስመር የሚያነብልሽም አለ። እኔ ሁለተኛውን እመርጥልሻለሁ። ማመልከቻሽን ከመላክሽ በፊት አሁን ከእሱ ጋር ያሉ ተማሪዎችን አነጋግሪ። ቀድመውሽ የገቡት በስንት ጊዜ ጨረሱ? ኤችፒኤልሲው፣ መድኃኒቱን ለይቶ የሚለካው መሣሪያ፣ ይሠራል ወይስ ተበላሽቶ ተቀምጧል? ተራ ጥያቄ ይመስላል፣ ግን ለመለዋወጫ እጥረት ቴሲሱ የቆመበት ተማሪ ብዙ ነው። ሙከራ ሲከሽፍ አማካሪው ምን ይላል? ይህን የመጨረሻውን ሳትጠይቂ አትቅሪ። ምክንያቱም ሙከራሽ ይከሽፋል፣ ደጋግሞ ይከሽፋል። ያን ጊዜ «ዳታውን አምጪው፣ አብረን እንየው» የሚል ሰው ያስፈልግሻል። ቁጥሩን እንድታሳምሪ የሚገፋፋ ከሆነ፣ ስኮላርሺፕ ቢኖረውም ይቅርብሽ።

ያሰብሻቸውን አማካሪዎች ስምና በቅርብ ያሳተሟቸውን ጽሑፎች ላኪልኝ። እኔም አነባቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ስትደውዪ አንድ በአንድ እናወራባቸዋለን።

አባትሽ