የድሮውን አይፖድ ሳታዩት አትጣሉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ከቱሉ ዲምቱ ሰላም ብያለሁ።

ቤቴ አሮጌ አይፖድ ክላሲክ፣ የአፕል ኩባንያ የዘፈን ማጫወቻ፣ አለ፣ እህቴ ከውጭ ስትመጣ የሰጠችኝ፣ ውስጡ ደግሞ አባባ በሕይወት እያሉ በገና ሲደረድሩ በካሴት የተቀዳው ተገልብጦ ይገኛል፣ ካሴቱ ራሱ ከተበላሸ ቆየ። ሰሞኑን አዲስ ላፕቶፕ ላይ ብሰካው ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አያየውም። ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ሳይነኩት «ይሄማ ሞቷል፣ ጣለው» አሉኝ፣ በጣም ነው ያናደደኝ።

ለካ ኬብሉ ነው! አንዳንዱ ርካሽ ኬብል መብራት ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ዳታ የለውም። ከጎረቤት ደህና ባለ 30 ፒን ኬብል (ሰፊ ጫፍ ያለውን የድሮ አይፖድ ኬብል) ተውሼ፣ ሜኑንና የመሀሉን ቁልፍ አንድ ላይ ይዤ የአፕል ምልክቱ እስኪመጣ ጠበቅኩ፣ ከዛ አይቱንስ (ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የአፕል የዘፈን ፕሮግራም) አየው።

ግን እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ኮምፒውተሩ አዲስ ከሆነ አይቱንስ ያለውን አጥፍቼ ሲንክ ላድርግ (ከኮምፒውተሩ ጋር ላመሳስል) ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እሺ ካላችሁት ያለው ዘፈን በሙሉ ይሄዳል። ካንስል በሉት። ከዛ አይፖዱን እንደ ቅድሙ በሜኑና በመሀሉ ቁልፍ እንደገና አስነሱትና ምልክቱ ሲመጣ የመሀሉንና የፕሌዩን ቁልፍ ያዙ፣ ዲስክ ሞድ ይገባል፣ እንደ ፍላሽ ይከፈታል። የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ ካደረጋችሁ አይፖድ ኮንትሮል የሚል አለ፣ ውስጡ ሚዩዚክ። የፋይሎቹ ስም ትርጉም የሌለው አራት ፊደል ስለሆነ አትደንግጡ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ስትከፍቷቸው ርዕሱ ይመጣል።

አፕል አይፖድ መሥራቱን በ2022 እ.ኤ.አ. ስላቆመ ሌላ አዲስ አይገኝም። የአባባን በገና አሁን ሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ፣ እናታችንም ትናንት ማታ ቁጭ ብላ ሰማችው።

አንባቢያችሁ