እማዬ፣ የጓሮውን ጎመን ተዪው

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሶስና የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን። ማንበብም ጀምራለች። የመንገድ ዳር ጽሑፍ ሁሉ እያነበበች ታክሲ ውስጥ ሰው ታስቃለች።

እማዬ፣ ባለፈው በስልክ "ጓሮው ትል አጣ፤ ዶሮዎቹ ቢጭሩ ቢጭሩ የሚለቅሙት የለም" አልሽኝ። እንደ ዋዛ ነው የተናገርሽው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ግቢውን የተከራየው ሰውዬ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈለጠ እርሳሱን ሲያቀልጥ የከረመው እዚያው አጥር ሥር ነው አይደል?

እርሳስ አይበሰብስም። ዝናብ ቢወርድበትም አብዛኛው ላይኛው አፈር ላይ ይቀራል። ትል ደግሞ አፈር እየዋጠ ነው የሚኖረው፤ በቆዳውም ይገባበታል። ወዲያው ላይሞት ይችላል። መሸሽ የቻለው ይሸሻል። የቀረው እንቁላል መጣል ይቀንሳል፣ የሚተካ ትውልድ ያጣል። መሬቱን እየሰረሰረ አየርና ውኃ የሚያስገባለት ሲጠፋ አፈሩም ይደድራል። የእኛ አገር ቀይ አፈር ድሮም ኮምጣጣ ነው፤ የግብርና ባለሙያው ኖራ ጨምሩ የሚላችሁ ለዚሁ ነው። የባትሪው አሲድ ሲታከልበት ይብሳል። አፈሩ በኮመጠጠ መጠን እርሳሱ ይሟሟል፣ ወደ ትሉም ወደ ተክሉም ለመግባት ይቀለዋል። ኖራ ይይዘዋል እንጂ ከመሬቱ አያወጣውም።

ትሉ ያጠራቀመውን ዶሮዋ ትበላለች። እንቁላሉን አንቺ ትበያለሽ።

የሆድሽን ቁርጠት የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ለምን ከጎረቤት? አባዬ ሲታመምም "እንዳትጨነቂ ብለን ነው" አላችሁኝ። እኔ የደረስኩት ለአርባው ነበር። ረስቼዋለሁ ብል እዋሻለሁ። አንቺ ያሳደግሽኝ፣ ጀርባሽ እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክመሽ ያስተማርሽኝ ነሽ፤ ለዚያ ቃል የለኝም። ግን ሕመምሽን አትደብቂኝ። ግቢውን ለዚያ ሰው ያከራየው ወንድሜም አንድ ቃል አልነገረኝም።

ቁርጠቱ ከእርሳሱ ይሁን ከሌላ እኔ አላውቅም። የደም ምርመራ ግን ይለየዋል። ስለዚህ እሺ በዪኝና አዲስ አበባ ነይ። ለመሳፈሪያው ብር ልኬያለሁ፤ ከደምበጫ ወንድሜ ያሳፍርሽ።

እስከዚያው ከጓሮው ጎመን አትቅጠፊ። ዶሮዎቹን ከዚያ አጥር አርቂ፣ እንቁላላቸውንም ተዪው። የጎረቤት ልጆች እዚያ አይጫወቱ። አፈሩን ደረቁን አትጥረጊው፣ አቧራው ይጎዳል።

ሶስናን ለፍልሰታ አላመጣትም። ቅር እንዳይልሽ። ልጅ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ እርሳስ ደግሞ በልጅ አእምሮ ላይ ይጨክናል። አንቺ ነሽ የምትመጪላት።

እሑድ እደውላለሁ። ስልኩን ለወንድሜ አትስጪው፤ ሆድሽ እንዴት እንዳደረ አንቺው ራስሽ ንገሪኝ።

ልጅሽ