የአፈሩን አሲድ የሚለካው መሣሪያስ በማን ይለካ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አሲዳማ አፈርን በኖራ ስለማከም ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ስለ ኖራው አቅርቦትና ማጓጓዣ በሰፊው ሲያትት፣ አፈሩ አሲዳማ መሆኑን ስለሚነግረን መሣሪያ ግን አንድም ቃል አላነሳም። በሰሜን ሸዋ በአፈር ቤተ ሙከራ ሥራ ለዓመታት የቆየሁ በመሆኔ የጎደለውን ልጨምር ወደድሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ ከሦስት ቀበሌዎች የሰበሰበውን አፈር ይዞ መጥቶ፣ የሁሉም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፤ 7 ገለልተኛ ሲሆን፣ ከዚያ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይበረታል) ከ6.9 እስከ 7.0 እየሆነለት በደስታ ሲመዘግብ አገኘሁት። መረሬውም ቀዩም አፈር አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠቱ ስላላማረኝ፣ ከሻይ ክበብ ግማሽ ሎሚ አስመጥቼ ቢከር ውስጥ ጨመቅሁና የመሣሪያውን ኤሌክትሮድ (ፈሳሽ ውስጥ የሚነከረውን የመለኪያ ዘንግ) ነከርንበት፤ 2 አካባቢ መሆን የሚገባው የሎሚ ጭማቂም 6.9 ሆነ። ኤሌክትሮዱን አጥበን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስናስጠጋው፣ ጫፉ ላይ ያለችው ስስ የመስታወት ድቡልቡል እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቃለች። እንዲህ የተሰነጠቀ ኤሌክትሮድ የትም ቢነከር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 7 የተጠጋ ቁጥር ይሰጣል፤ መሣሪያው ግን ተበላሽቻለሁ አይልም። (ለዛሬው ፒኤች ሜትር መነሻ የሆነውን መሣሪያ አርኖልድ ቤክማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 የሠራው የሎሚ ጭማቂን አሲድነት ለመለካት መሆኑን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው።)

የፒኤች አንድ ቁጥር ልዩነት በአሲድነት የ10 እጥፍ ልዩነት ስለሆነና፣ ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ የገብሱን ሥር መጉዳት ስለሚጀምር፣ ስህተቱ ወረቀት ላይ አይቀርም፤ የኖራው ኩንታል ሲወሰንም ይኸው ቁጥር ይታያል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ብርዱ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ቤተ ሙከራው ሳይሞቅ ሥራ ይጀመራል። ጠርሙሱ ላይ 10.01 ተብሎ የተጻፈው ባፈር (ፒኤቹ አስቀድሞ የታወቀ፣ መሣሪያው የሚስተካከልበት ፈሳሽ) ይህን ዋጋ የሚይዘው በ25 ዲግሪ ሲሆን፣ በ10 ዲግሪ ወደ 10.18 ገደማ ከፍ ይላል። የጨው መጠንን የምናይበት ኮንዳክቲቪቲ ሜትር ከዚህም ይብሳል፤ በ25 ዲግሪ 1413 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር የሚያነበው መለኪያ ፈሳሽ፣ የሙቀት ማስተካከያው ካልተከፈተ በ10 ዲግሪ 1020 ገደማ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ጨዋማውን ውሃ ደህና ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ቅሬታዬ በግዥው ላይ ነው። መሣሪያው ሲገዛ ርክክቡ በፎቶግራፍ ይታጀባል፤ ባፈሩ፣ ኤሌክትሮዱ የሚቀመጥበት የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽና መተኪያ ኤሌክትሮዱ ግን በበጀት ውስጥ የሉም። ፈሳሹ ሲያልቅ ኤሌክትሮዱ በተጣራ ውሃ ውስጥ ይቀመጥና ይዳከማል፤ ጊዜው ያለፈበት ባፈርም እየተቆጠበ ይሠራበታል። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ክፍሎች እነዚህን ከመሣሪያው ጋር አብረው ቢያስገቡ፣ የጥናት አማካሪዎችም ከውጤቱ ጋር የካሊብሬሽን መዝገቡን (መሣሪያው በባፈር መስተካከሉን የሚያሳየውን) ቢጠይቁ ወጪው ብዙ አይደለም።

ያ ተማሪ በተውሶ ኤሌክትሮድ ናሙናዎቹን ሁሉ እንደገና ለካ። ቀዩ አፈር 5.1 ሆነ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአፈር ቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን